የፉኮ ፔንዱለም በአዲስ አበባ ኬክሮስ፦ የመሬትን መሽከርከር በ7 ኪሎ አሎሎ የመለካት መመሪያ

ከፍ ካለ ቦታ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ከባድ ኳስ (ፔንዱለም) በቀጥታ መስመር እንዲወዛወዝ ተደርጎ ቢለቀቅ፣ የሚመላለስበት መስመር ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህ የሚሆነው ወለሉም ሆነ ሕንፃው ከመሬት ጋር አብረው ስለሚዞሩ ነው። ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1851 በፓሪስ መኖሪያ ቤቱ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ በ2 ሜትር ሽቦና በ5 ኪሎ ኳስ ሙከራውን አደረገ፤ በሚቀጥለው ወር በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ በ11 ሜትር ሽቦ ደገመው፤ በማርች ደግሞ በፓንቴዮን ጉልላት ሥር በ67 ሜትር ሽቦ የተንጠለጠለ 28 ኪሎ ኳስ ለሕዝብ አሳየ። በፓሪስ የመወዛወዣው መስመር በሰዓት 11.3 ዲግሪ ያህል ይዞራል።

ይኸው መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ ቢሰቀል የሚዞረው በሰዓት 2.36 ዲግሪ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከመጠን ልዩነት ያለፈ ጣጣ አለው። ለአውሮፓ ከተሞች የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚሠራ ሰው ፔንዱለሙ ሲዞር ያያል፣ ይደሰታል፣ ነገር ግን ያየው ነገር ከመሬት መሽከርከር ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። በእኛ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ በሚለካው ርቀታችን) ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የአወዛወዝ ጉድለት የመሬትን ያህል፣ አንዳንዴም ከመሬት የበለጠ ፔንዱለሙን ያዞረዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመስቀሉ ሥራ ይልቅ ጉድለቱን በመለካትና ከውጤቱ ላይ በመቀነስ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሞ የሚሠራ ስሌት

ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት የሚጠብቁትን ቁጥር በወረቀት ላይ ያስሉ። መሬት ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ስለሆነ በሰዓት 15.04 ዲግሪ ትዞራለች። በሰሜን ዋልታ ላይ ወለሉ እንደ ወፍጮ ድንጋይ በቆመበት ዙሪያ ስለሚዞር ፔንዱለሙ ይህን ፍጥነት በሙሉ ያሳያል። በምድር ወገብ ላይ ግን ወለሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ ይሄዳል እንጂ በቆመበት ቦታ አይጠመዘዝም፤ ስለዚህ ፔንዱለሙ ምንም አይዞርም። በሁለቱ መካከል ላለ ማንኛውም ቦታ ሕጉ የሚከተለው ነው፦

የመስመሩ የዙረት ፍጥነት (ዲግሪ በሰዓት) = 15.04 × ሳይን (ኬክሮስ)

አዲስ አበባ በ9.03 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ 2.36 ይወጣል። በመቀሌ 3.51፣ በጎንደር 3.28፣ በባሕር ዳር 3.02፣ በሐዋሳ 1.85፣ በአርባ ምንጭ 1.58 ገደማ ሲሆን፣ ሞያሌ ላይ ከ1 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በኢየሩሳሌም 7.9፣ በዱባይ 6.4፣ በዋሽንግተን 9.4፣ በስቶክሆልም 12.9 ያህል ነው፤ በእነዚህ ከተሞች የሚኖር አንባቢ ከታች የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ በመጠኑ አላልቶ ሊያነበው ይችላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከላይ ወደ ታች ሲታይ፣ መስመሩ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል፤ በስተደቡብ ደግሞ በተቃራኒው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ቢታረም ጥሩ ነው። ፔንዱለሙ ከከዋክብት አንጻር ጸንቶ እንደሚቆይና ከሥሩ የምትዞረው መሬት ብቻ እንደሆነች በብዙ ቦታ ይነገራል። ይህ እውነት የሚሆነው በዋልታዎች ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ መስመሩ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ 152 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ማለትም ከ6 ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሬት ከ6 ጊዜ በላይ ዞራለች። የመስቀያው ነጥብ ራሱ በጠፈር ውስጥ አቅጣጫውን እየለወጠ ስለሚሄድ ፔንዱለሙ በከዋክብት ላይ ተቸንክሮ ሊቀር አይችልም።

ዋናው ችግር፦ ሞላላው

ኳሱ በትክክል ቀጥ ባለ መስመር ከመመላለስ ይልቅ ቀጭን ሞላላ መንገድ ከሠራ፣ ያ ሞላላ መሬት ባትሽከረከርም እንኳ በራሱ ይዞራል። የሚዞረውም ኳሱ በሞላላው ላይ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1851 በስሌት አሳይቷል፤ ውጤቱም በሰዓት ዲግሪ ሲጻፍ የሚከተለው ነው፦

የሞላላው ዙረት = 77,350 × √(ግ ÷ ር) × ሀ × ለ ÷ ር²

እዚህ ላይ «ግ» የስበት ፍጥነት መጨመሪያ ሲሆን ለአዲስ አበባ 9.78 መውሰድ ይበቃል፤ «ር» የሽቦው ርዝመት ከመስቀያው እስከ ኳሱ መካከል፣ «ሀ» ኳሱ ከመካከሉ የሚርቅበት ትልቁ ርቀት፣ «ለ» ደግሞ የሞላላው ጎን ስፋት ግማሽ ነው። ሁሉም በሜትር ይገባሉ።

ቁጥር እንስጠው። ሽቦው 6 ሜትር ቢሆን፣ ኳሱ ከመካከሉ 30 ሳንቲሜትር እየራቀ ቢወዛወዝ፣ የሞላላው ግማሽ ስፋት 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን፣ በሞላላው ምክንያት መስመሩ በሰዓት 0.82 ዲግሪ ይዞራል። 3 ሚሊሜትር ሲሆን 2.47 ይደርሳል፤ ይህም ከመሬት ድርሻ ይበልጣል። ሞላላው በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ከሆነ ውጤቱን እጥፍ አድርጎ ያሳያል፣ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ፔንዱለሙ ፈጽሞ የማይዞር ይመስላል። ዓይን 3 ሚሊሜትርን ከ30 ሳንቲሜትር ውዝዋዜ መካከል አይለይም። ፓሪስ ላይ ይኸው ጉድለት ከ11.3 ዲግሪ ሩቡን እንኳ አይሞላም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ሙከራውን ያጠፋዋል።

ከቀመሩ ሌላም ቁም ነገር ይገኛል። ሽቦው ወደ 12 ሜትር ቢያድግ በ1 ሚሊሜትር ሞላላ የሚመጣው ዙረት ወደ 0.15 ዲግሪ ይወርዳል፤ ወደ 3 ሜትር ቢያጥር ግን 4.7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ሜትር ባጠረ ሽቦ መጀመርን አልመክርም። በአጭር ፔንዱለም ፈጽሞ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1911 የሙቀት መጠናቸው እጅግ የወረደ ብረቶች ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ እንደሚያስተላልፉ ያገኘው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት በ1.2 ሜትር ገደማ ፔንዱለም የተሠራ ነበር። ነገር ግን እርሱ መሣሪያውን አየር ከተመጠጠበት ክፍል ውስጥ አስገብቶ የመስቀያውን ጉድለት አንድ በአንድ እየለካ ነው የሠራው።

ቦታ መምረጥ

ከ6 እስከ 12 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩና መስኮቱ የሚዘጋ፣ ከላይ የኮንክሪት ቢም ወይም ሶሌታ ያለው ቦታ ይፈልጉ። የትምህርት ቤት አዳራሽና የፎቅ ደረጃ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ጥሩ ናቸው። ቆርቆሮ የተሸከመ የባሕር ዛፍ ወይም የቀጭን ብረት ጣሪያ አይሆንም፤ በነፋስ ይነቃነቃል፣ በአንድ አቅጣጫም ከሌላው ይበልጥ ይለመጣል። ያላለቀ ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ረጅምና ነፋስ የማይገባው ቢሆንም የሰው ሕይወት የሚያሳጣ ቦታ ስለሆነ አይሞከርም።

የአዲስ አበባ ከፍታ በአንድ ነገር ይረዳል፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ ውዝዋዜውን የሚያደክመው ቀስ ብሎ ነው።

መስቀያው

ከሁሉም በላይ ጊዜና ገንዘብ የሚገባው ለዚህ ክፍል ነው። መስቀያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል መሆን አለበት። ፔንዱለሙ ወደ ሰሜንና ደቡብ ሲሄድ የሚሰማው ርዝመት ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲሄድ ከሚሰማው ጋር የ0.1 ሚሊሜትር ልዩነት ቢኖረው፣ ከሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል በሰያፍ የተለቀቀ የ6 ሜትር ፔንዱለም በ10 ደቂቃ ውስጥ 1 ሚሊሜትር ያህል ሞላላ ይሠራል። ከዚያ በኋላም እያደገ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሽቦውን በመንጠቆ፣ በቀለበት ወይም በምስማር ላይ ማንጠልጠል ክልክል ነው፤ መንጠቆ በርዝመቱ አቅጣጫና በአግድሙ አቅጣጫ ሽቦውን የሚይዝበት ነጥብ አንድ አይደለም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረትና በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ያለው ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጠው አራት ማዕዘኖቹን ያስበሱ። ከመካከሉ ላይ የድሪል ጫፍ የሚይዘውን ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ አፉ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው ያስበይዱት። አሮጌ ድሪል ላይ የተፈታ ቻክ በመርካቶ ምናለሽ ተራ በመሰሉ የአሮጌ ብረታ ብረት መሸጫዎች ይገኛል፤ ሦስቱ ጥርሶች ሽቦውን ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚጨብጡት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጥርሶቹ በልተው የተጎዱ ከሆነ ግን አይግዙት። ጠፍጣፋውን ብረት ከቢሙ ሥር በአራት ኮንክሪት ውስጥ በሚሰፉ ብሎኖች አጥብቀው ያስሩትና በውሃ ልክ ይመልከቱት። በብረቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ካለ በሲሚንቶ ይሙሉት። ከዚያ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቻኩን በእጁ በየአቅጣጫው ይግፋው፤ በጣት የሚሰማ መነቃነቅ ካለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ሽቦውና ኳሱ

ሽቦው አንድ ወጥ፣ ጠንካራ፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የስፕሪንግ ብረት ሽቦ መሆን አለበት። ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ለስላሳ ስለሆነ ይሳባል፤ የሞተር ሳይክል ፍሬን ካቦ ደግሞ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ስለሆነ እየተፈታ ኳሱን ያሽከረክራል። የታጠፈ ምልክት ያለበትን ሽቦ አይጠቀሙ። ከመሰቀሉ በፊት ከኳሱ እጥፍ የሚመዝን ነገር አንጠልጥለውበት ያሳድሩት።

ለኳሱ የስፖርት አሎሎ ይበቃል። ለወንዶች ውድድር የሚውለው 7.26 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን ዲያሜትሩ ከ11 እስከ 13 ሳንቲሜትር ነው፤ ክብነቱ በጥንቃቄ የተጠበቀ፣ ከባድና ትንሽ መሆኑ የአየሩን ድካም ይቀንሳል። ቶርኖ ቤት ወስደው በትክክል በመካከሉ በኩል ቀዳዳ ያስበሱና ጥርስ ያስወጡለት፤ በመካከሉ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ብሎን ገብቶ ሽቦውን ይይዛል። አንዳንድ አሎሎ ከውጭ ብረት ወይም ነሐስ ሆኖ ውስጡ እርሳስ ስለሚሞላ ፈጽሞ አይበየድም፤ የእርሳስ ጭስ መርዝ ነው። ከታች በኩል ቀጥ ብላ የምትወርድ አጭር መርፌ በሙጫ ቢለጥፉበት መካከሉን ለማግኘት ይጠቅማል።

ከሰቀሉት በኋላ ሽቦው ጥምዝምዙን እስኪፈታ ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ከመሰላል ሥራ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከፔንዱለሙ ዙሪያ 1.5 ሜትር ክልል በገመድ ይከለል። ሽቦ ከተበጠሰ ኳሱ ከወለሉ ቅርብ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም፣ የሚጎዳው እየተጠቀለለ የሚመለሰው ሽቦ ነው።

የመለኪያው አቀማመጥ

በአውሮፓ የተለመደው አሠራር ኳሱ ከሥሩ በተዘረጋ እርጥብ አሸዋ ላይ በመርፌው እየጻፈ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በፓንቴዮን፣ ኳሱ ከመካከሉ 3 ሜትር ሲርቅ፣ መርፌው በእያንዳንዱ ውዝዋዜ 2.7 ሚሊሜትር ያህል ይሸሽ ስለነበር ተመልካቹ ሁሉ ወዲያው ያየዋል። በአዲስ አበባ ባለ 6 ሜትር ፔንዱለም ግን በአንድ ውዝዋዜ የሚሸሸው ከ0.02 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በሰዓትም 12 ሚሊሜትር ብቻ። አሸዋው ይህን አያሳይም፤ ይልቁንም ውዝዋዜውን ያደክማል። ለተማሪዎች ትርዒት ካልሆነ በቀር ይተዉት።

የተሻለው መንገድ የሽቦውን ጥላ መጠቀም ነው። ከፔንዱለሙ መካከል በአንድ በኩል 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከኳሱ ትንሽ ከፍ ባለ ቁመት፣ የስልክ መብራት ያስቀምጡ፤ የመብራቱን አፍ በምስማር ጫፍ 1 ሚሊሜትር ያህል በተበሳ አሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑት፣ አለዚያ የቀጭኑ ሽቦ ጥላ ይደበዝዛል። በተቃራኒው በኩል 3 ሜትር ርቀት ላይ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ወይም ሰሌዳ ይኑር። መብራቱ ፔንዱለሙ በሚወዛወዝበት መስመር ላይ በትክክል ሲውል፣ ሽቦው በብርሃኑ መንገድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚሄድ ጥላው ጸጥ ብሎ ይቆማል። መብራቱ ከመስመሩ ጥቂት ከወጣ ጥላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ስለዚህ መስመሩን ማንበብ ማለት ጥላው እስኪረጋ መብራቱን ወደ ጎን ማንቀሳቀስና የቆመበትን ቦታ ጠረጴዛ ላይ በተለጠፈ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ነው። 2.36 ዲግሪ በ3 ሜትር ርቀት ላይ 124 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከ12 ሚሊሜትሩ ጋር ሲተያይ አሥር እጥፍ ነው።

ይኸው ዘዴ ሞላላውንም ይለካል። ኳሱ ሞላላ እየሠራ ከሆነ ጥላው በተሻለው ቦታም ቢሆን ፈጽሞ አይረጋም፤ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። በዚህ አቀማመጥ ጥላው በሁለት እጥፍ ስለሚጎላ፣ ጥላው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተንቀሳቀሰበት ርቀት ለአራት ሲካፈል «ለ» ይገኛል። የሞላላው አቅጣጫ ከላይ፣ ለምሳሌ ከደረጃው ላይ ሆነው ሲመለከቱ ይታወቃል፤ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ከሆነ ለ«ለ» የመደመር፣ በተቃራኒው ከሆነ የመቀነስ ምልክት ይስጡት። ዓይን ካልለየው ስልኩን ከላይ አስቀምጠው በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ይቅረጹ።

ከወለሉ ላይ ደግሞ መካከሉን፣ ከዚያም በመካከሉ የሚያልፉ እርስ በርሳቸው ቀጥ ያሉ ሁለት መስመሮችን በእርሳስ ያስምሩ። መካከሉን የሚያሳየው ረግቶ የቆመው ኳስ መርፌ ራሱ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቱንቢ አያገኙም።

መልቀቅ

ኳሱ በእጅ አይለቀቅም። እጅ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ወደ ጎን መግፋቱ አይቀርም። ይልቁንም በኳሱ ወገብ ላይ የጥጥ ክር አዙረው፣ ከመካከሉ 30 ሳንቲሜትር እስኪርቅ ድረስ በመስመሩ ላይ ይሳቡትና ክሩን ከከባድ ወንበር ወይም ከግድግዳ ምስማር ጋር ይሰሩት። መስኮቱን ይዝጉ፣ ሰው ሁሉ ቁጭ ይበል፣ ኳሱም ፈጽሞ እስኪረጋ በትዕግሥት ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ረግቷል ብሎ ከሚያስበው ጊዜ ቀደም ብሎ ክብሪቱን ይጭራል። በመጨረሻ ክሩን ከኳሱ ራቅ ብሎ በክብሪት ወይም በሻማ ያቃጥሉት። የተቃጠለው ክር ኳሱ ላይ ተጠምጥሞ ከቀረ ሙከራውን አቁመው እንደገና ይጀምሩ።

ነፋስ በማይኖርበትና ሰው በማይመላለስበት የሌሊት ሰዓት መሥራት ይመረጣል።

ንባብ መውሰድ

ከተለቀቀ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያውን ንባብ ይውሰዱ፤ ከዚያ በየ5 ደቂቃው እስከ 30 ደቂቃ ይቀጥሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ነገር ይመዘገባል፦ ሰዓቱ፣ ጥላው የረጋበት የመብራቱ ቦታ፣ ኳሱ ከመካከሉ የሚርቅበት ርቀት፣ የሞላላው ግማሽ ስፋት ከነምልክቱ። አንድ ጊዜም 20 ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀውን ጊዜ በስልክ ይለኩ፤ ለ6 ሜትር ሽቦ 98 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት፤ በእጅጉ ከተለየ የርዝመት ልኬቱን ያጣሩ።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ፔንዱለሙ ገና ጉልበት ቢኖረውም ያቁሙት። ረዘም ላለ ጊዜ መተው ንባቡን የሚያሻሽል ይመስላል፣ ሆኖም ሞላላው እያደገ ስለሚሄድ ማረሚያው ራሱ ከሚለካው ነገር ይበልጣል። ከዚያም ከመጀመሪያው መስመር ጋር ቀጥ ብሎ በሚያቋርጠው መስመር ላይ ሁለተኛ ልቀት ያድርጉ፤ ለዚህም መብራቱንና ሰሌዳውን ወደዚያ መስመር ያዛውሩ። ይህ ሁለተኛ ልቀት የማይዘለል ነው። የመስቀያው እኩል አለመሆን በአንድ አቅጣጫ በተለቀቀ ፔንዱለም ላይ ሞላላውን በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚያሳድግ ከሆነ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞሮ በተለቀቀው ላይ በተቃራኒው ያሳድገዋል፤ የሁለቱ አማካይ ሲወሰድ የመስቀያው ጥፋት በአብዛኛው ይጣፋል።

ስሌቱ

ለምሳሌ በ6 ሜትር ሽቦ በመጀመሪያው ልቀት መብራቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ 80 ሚሊሜትር ተንቀሳቅሶ ቢሆን፣ 80 ለ3,000 ተካፍሎ፣ ወደ ዲግሪ ለመለወጥ በ57.3 ሲባዛ 1.53 ዲግሪ፣ በሰዓት 3.06 ዲግሪ ይሆናል። ከሚጠበቀው በብዙ ይበልጣል። የርቀቱ አማካይ 28 ሳንቲሜትር፣ የሞላላው አማካይ ደግሞ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ 1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ለ6 ሜትር ሽቦ ቀመሩ 2,744 × 0.28 × 0.001 ስለሚሆን 0.77 ዲግሪ ይወጣል፤ ይህን ቢቀንሱ 2.29 ይቀራል። በሁለተኛው ልቀት መብራቱ 46 ሚሊሜትር ብቻ ቢሄድ በሰዓት 1.76 ዲግሪ ነው፤ ሞላላው በተቃራኒ አቅጣጫ 0.8 ሚሊሜትር ከነበረ 0.61 ይደመርበትና 2.37 ይሆናል። የሁለቱ አማካይ 2.33 ሲሆን ከ2.36 ጋር ይቀራረባል። ሳይታረሙ አንዱ በሦስት አሥረኛ ገደማ ይበልጥ፣ ሌላው ሩብ ያህል ያንስ ነበር።

ጊዜ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይችላል። ብዙ ልቀቶችን ያድርግና በግራፍ ወረቀት ላይ በአግድም «ሀ × ለ»ን ከነምልክቱ፣ በቁም የታየውን የዙረት ፍጥነት ያስቀምጥ። ነጥቦቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ መስመሩ የቁሙን ዘንግ የሚያቋርጥበት ቦታ፣ ማለትም ሞላላው ዜሮ የሚሆንበት፣ የመሬት ድርሻ ነው። ለዚህ ሥራ ሞላላው ጠላት መሆኑ ይቀራል፤ እንዲያውም ክሩን ከማቃጠልዎ በፊት ኳሱ ወደ ጎን በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ሆን ብለው አንዳንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴ ወደ ግራ የሚዞር ሞላላ ቢፈጥሩ መስመሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የመስመሩ ተዳፋት ከቀመሩ ከሚጠበቀው 2,744 ጋር መስማማቱ የመሣሪያው አሠራር ትክክል ለመሆኑ ሁለተኛ ምስክር ነው፤ ከኬክሮሱ ጋር ስለማይገናኝም ውጤቱን ወደሚፈልጉት ቁጥር ለመጎተት መንገድ አይሰጥም። እኔ የአንድ ልቀትን ጥሩ ቁጥር ከማመን ይህን ግራፍ አምናለሁ።

ውጤቱ ሲያጠራጥር

መስመሩ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረና ማረሚያው ካላስተካከለው፣ የሞላላው ምልክት ተገልብጦ እንደሆነ በመጀመሪያ ይመርምሩ፤ ከታች ወደ ላይ የሚመለከት ሰው አቅጣጫውን በግልባጭ ያየዋል። መስመሩ በሁሉም ልቀቶች ወደ አንድ የተወሰነ አቅጣጫ እየሄደ እዚያ የሚቆም ከሆነ መስቀያው ደካማ ጎን አለው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በየ45 ዲግሪው አራት ልቀቶችን ያድርጉ፤ ሞላላው የማያድግባቸው ሁለት አቅጣጫዎች የመስቀያው ጠንካራና ደካማ ጎኖች ናቸው። ቻኩን ፈትተው ሽቦውን በቦታው እያለ ሩብ ዙር አዙረው እንደገና ያስሩትና ሙከራውን ይድገሙ፦ ሁለቱ አቅጣጫዎች ከሽቦው ጋር አብረው ከዞሩ ጥፋቱ በሽቦው መታጠፍ ላይ ነው፣ በቦታቸው ከቀሩ በቻኩ ወይም በቢሙ ላይ።

በሙዚየሞች ያሉ ፔንዱለሞች፣ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ለኒው ዮርኩ የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት የሰጠችውን የመሰሉት፣ ቀን ከሌሊት እንዲወዛወዙ ኤሌክትሮማግኔት ይገፋቸዋል፤ ሞላላቸውንም ለመግታት ከመስቀያው ሥር ሽቦው ጥግ ሲደርስ የሚነካው የብረት ቀለበት ይገጠማል። ያ ቀለበት በትክክል መካከል ላይ ካልዋለ ግን ራሱ አዲስ ጥፋት ይጨምራል፤ ስለሆነም ከላይ ያለው ግራፍ ያለ ቀለበቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ2.36 አጠገብ ሳይደርስ ወደዚያ ሥራ አይሻገሩ።